አየር እናስገባላት

ሂሻምና አብዱልባሲጥ ያገቡት እህትማማቾችን ነው። ታላቋ ዊዳድ የአብዱልባሲጥ ሚስት ናት፣ ታናሿ ረሂማ የሂሻም። ሁለቱ ባሎች ከሰርጉ በፊት አይተዋወቁም ነበር፤ ከሰርጉ በኋላ ግን አንዱ ያለ አንዱ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ሲቆይ የሁለቱን ቤት ጥሪት አዋጥተው አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ገዙ። መኪናዋ በእድሜ ከሁለቱም ሚስቶች ትበልጣለች። ድሮ ቀለሟ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፣ የኋላ በሯ በገመድ ይታሰራል፣ የሹፌሩ መስኮት ሲዘጋ በእጅ ካልታገዘ አይወጣም። ሞተሯ ግን በደሴ ብርድ እንኳ ማለዳ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል።

አብዱልባሲጥ ይነዳል፣ ያወራል፣ ተሳፋሪ ይጠራል። ሂሻም ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ኮፈን ከፍቶ የጎደለውን ይሞላል። በገበያ ቀን ከደሴው ሰኞ ገበያ ነጋዴዎችን ከነሸቀጣቸው ይዘው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አስፋልቱን ትተው ቆላ ወዳለው ገበያ ይቀጥላሉ። እዚያ ለመድረስ አንድ ሰፊ ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ወንዙ ውሃ የሚያየው በክረምት ነው፤ በበጋ ከዳር እዳር አሸዋ ነው። ጎማው እንደተወጠረ የገባ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከወንዙ አፍ ላይ ቆመው የአራቱንም ጎማ አየር ያስተነፍሳሉ። ጎማው ረገብ ሲል አሸዋው ላይ ተንጣሎ ይሄዳል።

ጣጣው ሲመለሱ ነው። በላላ ጎማ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን መጨረስ ስለሆነ አየሩ እንደገና መሞላት አለበት። የሚሞላው በእጅ መንፊያ ነው፣ የሚነፋው ደግሞ ሂሻም። አብዱልባሲጥ ትከሻውን ያመዋል። ሌላ ጊዜ አያመውም፤ መንፊያው ከመቀመጫው ሥር ሲወጣ ነው የሚጀምረው።

አንድ ቀን፣ የመጨረሻው ጎማ ገና ግማሽ ሳይሞላ፣ የመንፊያው ቆዳ ተቀደደ። ሂሻም እጀታውን ወደ ታች ሲጫነው ምንም ሳይታገለው ወረደ። ተሳፋሪው ተጭኖ፣ ፀሐዩ ገና አናት ላይ ሆኖ፣ በሰንካላ ጎማ እያነከሱ ኮምቦልቻ ገቡ። ጎማ ሠሪው ሲፈታው ከቸርኬው ተላቆ እንደ ጨርቅ ተጨማድዷል።

«እንዲህ እየለፋችሁ እስከ መቼ?» ሲል ሂሻምን የጠየቀው እዚያው አጠገብ የብየዳና የቶርኖ ቤት ያለው አግማስ ነው። አግማስ ረጅም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሲናገርም ብረት እየለካ ይመስላል። «የቤት መኪና ውስጥ ብርድ የሚያመጣውን ኮምፕረሰር ታውቀዋለህ? ከወደቀ መኪና አንድ ጤነኛ ፈልገህ አምጣልኝ። በጋዙ ፋንታ አየር ካጠጣነው አየር ይጨምቃል። ከሞተርህ ጎን እገጥመውና በቺንጋ ይዞራል። አንተ ቱቦውን ጎማው ላይ ሰክተህ ቁጭ ነው።»

ሂሻም ያን ሌሊት ስለ ቱቦው ነው ያለመው።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ ጭነት እየጫኑ ሳለ ነገሩን አነሳው። ዙሪያው ሁካታ ነው፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ» ይላል፣ ባለ ድንኳኑ በድምፅ ማጉያ ጫማ ይሸጣል።

«ባሲጥ፣ እኔ አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለ ሂሻም። «መኪናዋ ላይ አየር እናስገባላት።»

አብዱልባሲጥ የያዘውን ጆንያ መሬት አስቀመጠ። «ምን አልክ?»

«ከሞተሩ ጋር የሚዞር ኮምፕረሰር። ኮምቦልቻ አግማስ እገጥመዋለሁ ብሎኛል።»

«አየር» አለ አብዱልባሲጥ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያጣጣመ። «ወላሂ ሂሻም፣ እንዲህ ለኔ የምታስብ አይመስለኝም ነበር።»

ሂሻም ገረመው። አብዱልባሲጥ ለዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ መቀየሪያ ገንዘብ እንኳ የሚከራከር ሰው ነው። ዛሬ ግን ወዲያው እሺ ብሎ፣ በዚያ ላይ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሂሻም «ለጎማ» የሚለውን ቃል አላነሳም። ለምን ያነሳዋል? አየር ሌላ ለምን ይሆናል?

አብዱልባሲጥ ግን የደሴ፣ የሆጤ ሠፈር ልጅ ነው፤ በብርድ ተወልዶ በብርድ ያደገ፣ ሰውነቱም የሞላ። መኪናዋ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ስትቃረብ ላቡ ይጀምራል። ቆላው ሲደርሱ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር አንድ ይሆናል። በየገበያው ቀን ሁለት ሸሚዝ ይዞ የሚወጣ ሰው፣ «አየር» ሲባል የሚታየው ጎማ አልነበረም።

ኮምፕረሰሩን ኮምቦልቻ የወላለቀ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ አብረው ፈልገው አገኙት። ሻጩ አቧራውን በክርኑ ጠርጎ ሰጣቸውና «የኤሲ ነው፣ ፑሌጃውን አዙሩት፣ ጤነኛ ነው» አላቸው። አብዱልባሲጥ «የኤሲ» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ፈገግ አለ። ሂሻም ፑሌጃውን፣ ቺንጋ የሚጠለቅበትን መዘውር፣ እያዞረ ጆሮውን አስጠግቶ ስለነበር ፈገግታውን አላየም። ኮምፕረሰሩን እስከ ደሴ አብዱልባሲጥ ራሱ ከመቀመጫው ጎን አስቀምጦ፣ በየመጠምዘዣው በአንድ እጁ ደገፍ እያደረገ ወሰደው።

ሂሻም ነገሩን የሰማው ቤቱ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ነው።

«ዊዳድ መጥታ ነበር» አለች ረሂማ፣ ውሃ እያፈሰሰችለት። «ለሠፈሩ ሁሉ ነግራለች። መኪናችሁ ኤሲ ሊገባላት ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ባሏ ነዋ። ለተሳፋሪዎቹም ነግሯቸዋል። ካሁን በኋላ ቆላ ስንወርድ ብርድ ብርድ ይላችኋል እያለ ነው።»

ሂሻም እጁ ላይ ሳሙና እንዳለ ቀረ። ሰኞ ገበያ የተባለው ሁሉ በሐሳቡ ዞረበት፤ ጆንያው መሬት ሲቀመጥ፣ ጀርባው መታ መታ ሲደረግ፣ «ለኔ የምታስብ»።

«ረሂማ፣ ለጎማ ነው እኮ።»

ረሂማ ጆጉን ይዛ ትንሽ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቋ ግን በአፍንጫዋ ወጣ። «ያ አላህ። አሁኑኑ ሂድና ንገረው።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

ነገም ሆነ፣ አልነገረውም። ሂሻም መጥፎ ወሬ መናገር የማይችል ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠፋ በግ እንኳ «ይመጣል» ነው የሚለው። ደግሞ አብዱልባሲጥን ደስ ብሎት ማየት ቀላል አልነበረም። «ባሲጥ፣ ስለ ኮምፕረሰሩ…» ብሎ ሲጀምር «አብሽር፣ በደንብ ይሠራል» ይለዋል። እንደገና ሊሞክር ሲል አብዱልባሲጥ የሹፌሩን መስኮት እያስጠገነ አገኘው። «ቅዝቃዜው በዚህ እንዳይወጣ ነው» አለው። ሂሻም ካቻቢቴ አቀብሎት ሄደ።

የመግጠሚያው ቀን መጣ። አግማስ ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ ጎን ያለውን ክፍት ቦታ በእጁ ዳሰሰው። ወፍራም ብረት ቆረጠ፣ በሳ፣ እየገጠመ አወጣ፣ እያወጣ ሞረደ። የኮምፕረሰሩ ፑሌጃ ከሞተሩ ፑሌጃ ጋር በአንድ መስመር ላይ ካልዋለ ቺንጋው ይበላል ብሎ ሲባጎ ወጥሮ አየ፤ አልተስማማውም፣ ቡሎኑ ሥር ስስ ሮንዴላ ከተተ፣ ደግሞ አየ። ከወደቀ የጭነት መኪና የተፈታ የአየር ታንክ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በየደው። ግፊቱ ሲበዛ የሚያስተነፍስ ቫልቭም አልረሳም። በመጨረሻ ከቱቦው መነሻ ላይ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ መሳይ ማጣሪያ ገጠመና ሂሻምን ጠራው።

«ይሄ ኮምፕረሰር ያለ ዘይት ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ ዘይት እያጠጣህ ነው የምታሠራው። የተወሰነው ከአየሩ ጋር ይወጣል፤ ይቺ ጠርሙስ ትይዝልሃለች። ከሠራህ በኋላ ከሥሯ ፈትተህ አፍስሳት። አትርሳ።»

«አልረሳም» አለ ሂሻም። ልቡ ግን በሩ ላይ ነበር። አብዱልባሲጥ ዙህር ሊሰግድ መስጊድ ሄዶ ነበርና አሁን ሲመጣ ታየው፤ ፊቱ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ።

ሞተሩ ተነሳ። አግማስ የገጠማትን ማብሪያ ሲጫናት ኮምፕረሰሩ ጣ ብሎ ያዘ፤ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ወፈር አለ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። አግማስ የቱቦውን አፍ ለአፍታ ከፈተው። አየሩ ፍሽሽ ብሎ የግቢውን አቧራ አነሳ። ሂሻም ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ዞር ሲል ግን አብዱልባሲጥ መኪናዋ ውስጥ ገብቷል። በሩን ዘግቷል። መስኮቶቹን አንድ በአንድ እስከ ላይ አውጥቷል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ አግማስ።

«እየጠበቀ ነው።»

«ምን?»

«ብርድ።»

አግማስ ሊስቅ አፉን ከፈተና የሂሻምን ፊት አይቶ መልሶ ዘጋው። «አልነገርከውም?»

የኮምቦልቻ ፀሐይ በመስታወቱ ውስጥ አብዱልባሲጥን እያበሰለችው ነበር። ላቡ ከግንባሩ ወደ ጢሙ ወረደ። አንዴ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስጠግቶ ነፋስ ፈለገ። ሂሻም ከዚህ በላይ ማየት አልቻለም፤ ሄዶ በሩን ከፈተው።

«ባሲጥ፣ አይቀዘቅዝም።»

«ገና ነው? ትንሽ ይሥራ እንጂ።»

«ለሱ አይደለም። ለጎማ ነው። ከመጀመሪያውም ለጎማ ነው ያልኩት። ማለቴ፣ አላልኩም፤ ግን ለጎማ ነበር።»

አብዱልባሲጥ ሞተሩን፣ ከዚያ አግማስ የያዘውን ቱቦ፣ ከዚያ ሂሻምን አየ።

«መቼ አወቅህ? እኔ ሌላ እንደመሰለኝ?»

«ከገዛን ማታ ጀምሮ። ረሂማ ነገረችኝ።»

«መስኮቱን ስሠራ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ካቻቢቴ አቀበልከኝ እኮ» አለ አብዱልባሲጥ። ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገረም። ሐረጎን ሲወጡም፣ ደሴ ሲገቡም፣ ሂሻምን በሩ ላይ ሲያወርደውም አልተናገረም። አብዱልባሲጥ ዝም ያለባት መኪና እንዴት ሰፊ እንደሆነች ሂሻም ያወቀው ያን ቀን ነው። ዊዳድ ነገሩን ስትሰማ ስቃ ስቃ ግድግዳ እንደያዘች ረሂማ ነገረችው። «እሱ ግን አልሳቀም» አለች። «ኮምፕረሰሩ አይደለም ያናደደው። አንተ እያወቅህ ዝም ማለትህ ነው።» ሂሻም ይህን ሳይነገረውም ያውቀው ነበር።

በገበያው ቀን ጠዋት የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እትዬ ቡዜ ነበሩ። እትዬ ቡዜ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ የፊት ወንበር የእሳቸው ነው፣ ከሹፌሩና ከሂሻም መሃል። ዛሬ ድርብ ጋቢ ለብሰው፣ ራሳቸውን በወፍራም ሻሽ ጠቅልለው መጡ።

«አሞዎታል እንዴ?» አላቸው ሂሻም።

«አብዱልባሲጥ ነው ልበሺ ያለኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል ብሎኛል።»

ሂሻም አንገቱን ደፋ። አብዱልባሲጥ መሪውን ጨብጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እሱ ለጊዜው ይቆይ ብለን ነው። በቅድሚያ ለጎማው አየር አስገባን። መንገዱን ያውቁታል መቼስ።» ተናገረና ሞተሩን አስነሳ። ሂሻም ቀና ብሎ አየው፤ አብዱልባሲጥ አላየውም። እትዬ ቡዜ ጋቢያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት።

እንዲህ ሸፍኖለትም ግን አኩርፎታል። የሚፈልገውን ሁሉ የሚናገረው በእትዬ ቡዜ በኩል ነበር።

«እትዬ፣ በጎንዎ ላለው ሰው መስኮቱን ዝቅ ያድርገው ይበሉልኝ።»

«ሰምቷል» አሉ እትዬ ቡዜ።

«ወንዙ ጋ ስንደርስም ወርዶ ጎማውን ያስተንፍስ ይበሉልኝ።»

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ እኔን ስልክ አደረጋችሁኝ።»

ጎማው ተነፈሰ፣ ወንዙን ተሻገሩ፣ ገበያው ዋለ። ሲመለሱ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ከአሸዋው እንደወጡ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት። ማሽላ የጫነ አንድ የጭነት መኪና በጠባቡ መውጫ ላይ ተጋድሟል፤ የኋላ ጎማው ተኝቷል። ሹፌሩ ደምመላሽ የሚባል የኮምቦልቻ ሰው ነው። ቀዳዳውን በላስቲክ ለጥፎ ጎማውን መልሶ አስሮታል፤ የሚሞላበት አየር ግን የለውም። ከኋላው ሌሎች መኪኖችና የአህያ ጋሪዎች ተደርድረዋል፣ ሰዉ ከቁጥቋጦው ሥር ጥላ ይዟል።

ሂሻም ሳያመነታ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። አብዱልባሲጥ መሪው ላይ ቀረ። ማብሪያዋ ተጫነች፣ ኮምፕረሰሩ ያዘ፣ ወዲያው ቺንጋው እንደ ድመት ጮኸ። አጥፍተው ሂሻም ቡሎኑን አላልቶ ኮምፕረሰሩን በብረት ደግፎ ወጠረውና መልሶ አሰረ። አሁን አልጮኸም።

«እትዬ ቡዜ» አለ ሂሻም ጮክ ብሎ፣ «ሹፌሩ ትንሽ ነዳጅ ይስጣት ይበሉልኝ።»

እትዬ ቡዜ ወደ አብዱልባሲጥ ዞሩ። አብዱልባሲጥ ነዳጅ ሰጣት፤ አፉ ዳር ግን አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ትልቁ ጎማ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አየሩ ሲገባ ሰዉ ከጥላው እየተነሳ መጣ። ጎማው ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ጭነቱ ሲቃና፣ አንዳንዱ «ማሻአላህ» ይላል። «ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ አለ፤ ከዚህ በላይ አብዱልባሲጥ መቀመጥ አልቻለም። ለእትዬ ቡዜ «ነዳጁን በዚህ እግርዎ ጫን ያድርጉልኝ» ብሎ ወረደ። እትዬ ቡዜ በሕይወታቸው መኪና ነድተው አያውቁም፤ ጫማቸውን አውልቀው ጫኑት። አብዱልባሲጥ ቱቦውን ከሂሻም እጅ ወሰደና ማስረዳት ጀመረ። ቺንጋው፣ ፑሌጃው፣ ሲባጎው፣ ሁሉም ነገር እርሱ ራሱ የሠራው ይመስል ነበር። ሂሻም ከኋላ ቆሞ አዳመጠው። ያ ድምፅ ናፍቆት ነበር።

ደምመላሽ አመስግኖ መንገዱን ለቀቀ። ቀጥሎ የራሳቸው አራት ጎማዎች ተሞሉ፣ የአንድ ጋሪ ጎማም ጭምር። አብዱልባሲጥ ሲጨርስ ከራስ እስከ እግሩ በላብ ርሶ ነበር። ቱቦውን ሊጠቀልል ሲል አፉ ከፈት ብሎ አየሩ ክንዱን ነካው። ቆም አለ። እንደገና ከፈተው፣ ወደ ፊቱ አዞረው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሂሻም» አለ። በቀጥታ፣ ያለ እትዬ ቡዜ። «ይሄ ነገር ቀዝቃዛ ነው።»

«ከታመቀበት ሲወጣ ይበርዳል» አለ ሂሻም።

«ወላሂ ብርድ ነው።» አብዱልባሲጥ የሸሚዙን አንገት ከፍቶ ቱቦውን ወደ ውስጥ ሰደደው፣ አፉንም እስከ ጥግ ከፈተ። ሸሚዙ እንደ ድንኳን ተነፋ። ፊቱ ላይ የወረደው እፎይታ ተሳፋሪውን ሁሉ ፈገግ አሰኘው። በዚያው ቅጽበት ሂሻም ስለ ጠርሙሷ አስታወሰ፤ አግማስ አፍስሳት ያለው፣ ዛሬ አንድም ጊዜ ያልፈሰሰችው።

«ባሲጥ፣ ዝጋው…»

ቱቦው አንዴ አስነጠሰ። ጥቁር ዘይት ከአብዱልባሲጥ አንገት እስከ ሆዱ በለበሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ወጣ፤ ጢሙም ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ቡዜ ናቸው፤ እግራቸው ከነዳጁ ተነሥቶ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ሳቃቸው ብቻ ተሰማ። አብዱልባሲጥ ሸሚዙን አየ፣ ሂሻምን አየ።

«ይሄንንም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ረስቼው ነው እንጂ ደብቄህ አይደለም። ያኛውን ግን ደብቄሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባሲጥ፤ አውፍ በለኝ።»

አብዱልባሲጥ በእጁ ጀርባ ጢሙን ጠረገና ጣቱን የሂሻም ጉንጭ ላይ አሰመረው፤ ከጆሮው እስከ አገጩ ጥቁር መስመር። «አሁን ተካክለናል» አለ፣ ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ትከሻውን አንቀጠቀጠው።

ሐረጎን ሲወጡ ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ። አብዱልባሲጥ ሁለተኛውን ሸሚዙን ለብሶ እንደ ወትሮው ያወራል፤ እትዬ ቡዜ መሃል ላይ አንቀላፍተዋል።

«ቆይ ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነተኛው ኤሲ ይግባላት ብንልስ?»

ሂሻም እንደ ልማዱ «ይሆናል» ሊል ነበር። «አይሆንም» አለ። «ሁለተኛ ኮምፕረሰር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ቦታ ቢገኝ እንኳ ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት፣ ሞተሯም ትሞቃለች። በዚያ ላይ ወለሏ ቀዳዳ ነው፤ ብርዱ ከሥር ይወጣል።»

አብዱልባሲጥ መጠምዘዣውን ጨርሶ ማርሽ ቀየረ። «ይሄን ሁሉ በአንዴ?»

«ጠየቅኸኝ እኮ።»

«ጥሩ። እንዲህ ንገረኝ።»

ደሴ መግቢያ ላይ ጉሙ መንገዱን መሸፈን ጀምሮ ነበር። ዳር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ የኋላ ጎማው ተኝቷል፣ ባለቤቱ እጁን ያውለበልባል። ሂሻም ገና አፉን ሳይከፍት አብዱልባሲጥ ፍሬን ያዘ። እትዬ ቡዜ ነቁ።

«ደረስን?»

«አልደረስንም እትዬ» አለ አብዱልባሲጥ፣ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እያወረደ። «አየር ሊወስድ የመጣ ሰው አለ።»

ሂሻምም ወረደ። ኮፈኑን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጠርሙሷን ከሥሯ ፈታትና ዘይቱን በቆርቆሮ ተቀበለው።